ለመልስ ዘፈኖች የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ቀድሞ ለተወደደ ዘፈን መልስ ሆነው የሚወጡ ዘፈኖችን በጅምላ «በሰው እሳት የሚሞቁ» ብሎ ሲነቅፍ አነበብሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የጸሐፊው ቅሬታ መሠረት የለውም ለማለት አይደለም፤ የመልስ ዘፈን ተብለው ከሚቀርቡት የሚበዙት የመጀመሪያው ዘፈን ገበያ ሳይቀዘቅዝ በጥድፊያ የተሠሩና ከዚያ ዘፈን ጋር አብረው የሚረሱ መሆናቸውን እኔም አምናለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ ማለትም ለሌላ ሰው ቃል መልስ መስጠትንና የሌላን ሰው ዜማ መውሰድን፣ አንድ ላይ አስሮ ስለ ፈረደባቸው ማለያየት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ቃል ልበል። «የመልስ ዘፈን» ሲባል ሙሽሮች ወደ ሙሽሪት ወላጆች ቤት የሚመለሱበትን የሠርግ ማግስት ድግስ የሚያስታውስ አንባቢ ሊኖር ይችላል። መደናገሩ ብዙም አያስከፋም። በሠርጉ ላይም ቢሆን የሙሽራው አጃቢና የሙሽሪት ወገን በዘፈን እየተነካኩ መመላለሳቸው የታወቀ ነው። እንካ ሰላንትያም ከዚሁ የሚለየው በጨዋታው ሥርዓት ጥብቅነት ብቻ ነው። አንዱ «እንካ ሰላንትያ» ሲል ሌላው «በምንትያ» ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስድብ የቱንም ያህል ቢመር ቤት ካልመታ አይቆጠርም። በአዝማሪ ቤትም ሴቷ በወንዱ ላይ የጣለችውን ግጥም ወንዱ በዚያው ማሲንቆ፣ በዚያው ዜማ ሲመልስ «ዜማዋን ሰረቃት» ብሎ የሚከሰው ታዳሚ አይገኝም። እንዲያውም ዜማውን ቢለውጥ አምልጧል የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በቀደመ ቃል ላይ ቃል መጨመር በእኛ ዘንድ የፈጠራ ድርቀት ምልክት ሆኖ አያውቅም።

ጸሐፊው ምሳሌዎቻቸውን ያመጡት ከአሜሪካ በመሆኑ እኔም ወደዚያው እሄዳለሁ፤ ነገሩ በሸክላ ታትሞ፣ በሬዲዮ ታግዶና በፍርድ ቤት ተከራክሮ በግልጽ የታየው በዚያ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሃንክ ቶምሰን የተባለ የቴክሳስ ተወላጅ «ዘ ዋይልድ ሳይድ ኦቭ ላይፍ» የሚል ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ ሚስቱ ጥላው ወደ መጠጥ ቤት ሕይወት የገባችበት ሰው እሮሮ ነው። ሰውየው በዘፈኑ አዝማች ላይ፣ የሆንኪ ቶንክ መላእክትን የሚፈጥረው እግዚአብሔር መሆኑን አለማወቁን በምሬት ይናገራል፤ ሆንኪ ቶንክ የሚባሉት በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የሚገኙ፣ ዳንስና ሳንቲም ተጥሎበት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን ያላቸው መጠጥ ቤቶች ናቸው። ዘፈኑ ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ የተወዳጅነት ሠንጠረዥ ላይ ለ15 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ያን ሁሉ ጊዜ አገሩ ሁሉ የሰማው የባልየውን ቃል ብቻ ነበር።

መልሱ በዚያው ዓመት መጣ። ኪቲ ዌልስ የ32 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናትና የሙዚቀኛ ሚስት ነበረች፤ ከሙያው ለመውጣት እያሰበች ሳለ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1952 ናሽቪል ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ቆመች። ለቀረጻው የምታገኘው ክፍያ 125 ዶላር ሲሆን፣ ወደ ስቱዲዮው የሳባትም ይኸው ገንዘብ እንጂ ዘፈኑ ይገንናል የሚል ተስፋ እንዳልነበረ በኋላ ራሷ ተናግራለች። የዘፈኑ ርእስ በአማርኛ «የሆንኪ ቶንክ መላእክትን የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም» እንደ ማለት ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው የግጥሙን አገባብ ነው። የምትዘፍነው ሴት መጠጥ ቤት ተቀምጣ ያ የወንድየው ዘፈን ከማሽኑ ሲወጣ ትሰማለች፤ ስሙንም ጠርታ ትጀምራለች። እንግዲህ ይህች ሴት ዘፋኝ ሆና ከመቅረቧ በፊት አድማጭ ነች፤ ሌላው ሁሉ በትዝታ አንገቱን ሲነቀንቅ እርሷ ግን የሚወራው ስለ እርሷ መሆኑን ታውቃለች። ከዚያም ነገሩን በቀላል ቃል ታስቀምጠዋለች፤ ባለትዳር ወንዶች እንዳላገባ ሰው መሆናቸው ብዙ ደግ ሴቶችን አበላሽቷል፣ ጥፋቱንም ወደ ፈጣሪ ማላከክ አይገባም ትላለች። ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም። ድምፅዋም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምትዘምር ሴት የረጋ ነው።

በእርግጥ ይህን መልስ እንከን የለሽ አድርጌ ማቅረብ አልሻም። ሴቲቱ ክሱን አልካደችም፤ መንገድ መሳቷን ተቀብላ በደለኛው ሌላ ነው ብቻ ነው ያለችው። ደግሞም ግጥሙን የጻፈው ጄ. ዲ. ሚለር የተባለ የሉዊዚያና ሰው፣ ማለትም ወንድ ነው። «የሴቶች ድምፅ» እያልን የምናወድሰው ዘፈን ከወንድ እጅ መውጣቱን ስገነዘብ በመጀመሪያ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን አድማጮቿ የሰሙት የሚለርን ብዕር ሳይሆን የእርሷን ድምፅ ነው፤ ያስደነገጠውም ድምፅዋ ነው። የኤን ቢ ሲ ሬዲዮ ዘፈኑን ከማሰራጨት ታቀበ፤ የናሽቪሉ ዝነኛ መድረክ ግራንድ ኦል ኦፕሪም በመጀመሪያ እንዳትዘፍነው ከለከላት። የባልየው እሮሮ በነጻነት በሚናኝበት አየር ላይ የሚስቲቱ መልስ ነውር ሆኖ መገኘቱ፣ የመልስ ዘፈን ለምን እንደሚያስፈልግ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ይናገራል ብዬ አስባለሁ። ክልከላውም አልያዘም። ዘፈኑ ለስድስት ሳምንታት አንደኛ ሆነ፤ ብቻዋን የዘፈነች ሴት ቢልቦርድ በተባለው የሙዚቃ መጽሔት የካንትሪ ሠንጠረዥ ላይ ከሁሉ በላይ ስትቀመጥም ያ የመጀመሪያው ነበር። ከእርሷ በኋላ የመጣችው ዝነኛዋ የካንትሪ ዘፋኝ ሎሬታ ሊንም የኪቲ ዌልስን ባለ ውለታነት ሳትሸሽግ ተናግራለች። ጸሐፊው «ጥገኛ» ያሉት የዘፈን ዓይነት እንግዲህ አንድ ቀን ይህን አድርጓል።

ወደ ዜማው ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጥማል። የኪቲ ዌልስ ዘፈን የሚዘፈነው በሃንክ ቶምሰን ዘፈን ዜማ ነው። ታዲያ ሌብነት አይደለምን? አይደለም፤ ምክንያቱም የቶምሰንም ዘፈን ዜማ የራሱ አልነበረም። የካርተር ቤተሰብ የተባሉት ዘማሪዎች ያንኑ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1929 ለአንድ የፍቅር ዘፈን፣ ሮይ ኤከፍ ደግሞ በ1936 ለመንፈሳዊ መዝሙር አውለውት ነበር። እኛ ዘንድ ትዝታን ማንም ዘፋኝ የራሱን ስንኝ አስገብቶ እንደሚዘፍነውና ማንም «የእኔ ነው» ብሎ ሊያጥረው እንደማይችል ሁሉ፣ ያም ዜማ ለመጣው ሁሉ ክፍት የሆነ የወል ምንጭ ነበር። በወል ዜማ ላይ የሚደረግ ምልልስ ከእንካ ሰላንትያ ብዙም አይርቅም።

ዜማው ባለቤት ሲኖረው ግን ፍርዱ ይለወጣል። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ቢግ ማማ ቶርንተን የዘፈነችው «ሃውንድ ዶግ» በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ እጅግ የተወደደ ሆነ። ዘፈኑ የአንዲት ሴት ጥገኛ ወንድን እንደ ውሻ ከደጃፏ ማባረር ነው፤ የደረሱትም ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። (ብዙ ሰው ይህን ዘፈን የሚያውቀው ኤልቪስ ፕሪስሊ ከሦስት ዓመት በኋላ በዘፈነው መልኩ ነው፤ በዚያኛው ቅጂ የሴቲቱ ቁጣ ጨርሶ ስለ ጠፋ ሰውየው በእውነተኛ ውሻ ላይ የሚቆጣ ይመስላል።) የቶርንተን ሸክላ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የሜምፊሱ ሳን ሪከርድስ ሩፈስ ቶማስን አዘፍኖ «ቤር ካት» የሚል መልስ አወጣ፤ በዚህም ተባራሪው ወንድ በተራው ሴቲቱን በአውሬ ስም ይጠራታል። ለትንሹ ኩባንያ ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ስኬት ነበር። በሸክላው ላይ ግን የድርሰቱ ባለቤት ተደርጎ የተጻፈው የኩባንያው ባለቤት የሳም ፊሊፕስ ስም ነበር፤ ዜማው ደግሞ ያለ ጥርጥር የሊበርና የስቶለር ነው። የዘፈኑን መብት የያዘው የሂውስተኑ ዶን ሮቢ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ለከሳሹ ፈረደለት።

ይህ ፍርድ የከለከለው መልስ መስጠትን አይደለም። ሩፈስ ቶማስ ቶርንተንን መልሶ መስደብ ይችል ነበር፤ ያልተቻለው የሰውን ዜማ ይዞ፣ ሳያስፈቅዱና ሳይከፍሉ፣ የራስ አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ኩዊንስብሪጅ ያደገችው የ14 ዓመቷ ሮክሳን ሻንቴ፣ ዩ ቲ ኤፍ ኦ የተባለው ቡድን ሮክሳን ስለምትባልና ስላላናገረቻቸው ልጅ ላወጣው የራፕ ዘፈን በልጅቷ ስም የሚናደፍ መልስ ስትሰጥ፣ ያንኑ ጥያቄ በተጠቀመችበት የቡድኑ ሙዚቃ ምክንያት መጋፈጥ ግድ ሆኖባት ዘፈኑ በሌላ ሙዚቃ እንደገና ተሠርቷል። በአዲሱ ቅጂ ጸያፍ ቃላቱ ተወገዱ እንጂ መልሱ አልቀረም። ከዚያ ወዲያ በደርዘን የሚቆጠሩ ራፐሮች «እኔም መልስ አለኝ» እያሉ የሮክሳንን ወላጆችና ዘመዶች ሳይቀር እየወከሉ መዝፈናቸውን ጸሐፊው ቢጠቅሱት ኖሮ ግን እኔም ከጎናቸው እቆም ነበር፤ ያ ምልልስ ሳይሆን የገበያ ግርግር ነው።

በአባቴ ቤት ከነበሩት ጥቂት ሸክላዎች አንዱ የጂም ሪቭስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በተቀዳው ዝነኛ ዘፈኑ ሰውየው ከመጠጥ ቤት ስልክ ደውሎ፣ ሌላ ወንድ አጠገቧ እንዳለ ለሚጠረጥራት ፍቅረኛው «አፍሽን ወደ ስልኩ አስጠጊ» ይላታል፤ አብሯት ያለውንም እንድታሰናብት በለሰለሰ ድምፅ ይለምናታል። እኔ ይህን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት የታማኝ አፍቃሪ ልመና አድርጌ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጂን ብላክ የተባለች ዘፋኝ ከስልኩ ማዶ ሆና መልስ እንደ ሰጠችውና መልሷ በአሜሪካ የፖፕ ሠንጠረዥ አራተኛ እንደ ደረሰ ያወቅሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ሴቲቱ ብዙ ቀን እንዳስጠበቃት፣ ብዙ ምሽት ብቻዋን እንዳደረች ነግራው፣ አጠገቧ ያለው ሰው እዚያው እንደሚቆይ ታስታውቀዋለች። በሳቅ ፈነዳሁ። የጂም ሪቭስን ዘፈን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን «ለምን ከመጠጥ ቤት ይደውላል?» ብዬ መጠየቅ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። ጥሩ መልስ የመጀመሪያውን ዘፈን አያጠፋውም፤ ሳናስተውል ያለፍነውን ቀዳዳ ያሳየናል።

ስለ አገራችን ሁኔታም ጥቂት ልጨምር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ አንድን ሥራ የማባዛትም ሆነ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለደራሲው ሰጥቷል፤ የደራሲነት ስሙ እንዲገለጽለትና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይዛባም ይጠብቅለታል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ዘፈን በዩቲዩብ ሲወደድ በሁለተኛው ሳምንት «መልስ» ተብሎ በዚያው ዜማና በዚያው ቅንብር የሚወጣው ሥራ የሕግ ጥያቄ እንዳለበት ጸሐፊው ያሉት ትክክል ነው። መፍትሔው ግን መልሱን ማፈን አይመስለኝም። ፈቃድ መጠየቅ፣ የዜማውን ባለቤት ስም መጻፍና ከሚገኘው ገቢ ድርሻውን መስጠት ይቻላል፤ አለዚያም በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት የራስን ዜማ አውጥቶ የሌላውን ቃል መመለስ ማንንም አያስከስስም። እንዲያውም እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይህንኛውን ነው፤ በራሱ ዜማ የቆመ መልስ ጥያቄው ሲረሳ አብሮ አይረሳምና።

ከጥቂት ወራት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ አንዲት ወጣት ድምፃዊት ለቆየ የወንድ ዘፈን የሰጠችውን መልስ ሲያስተዋውቅ መልስ መሆኑን እንኳ ሳይናገር አለፈ። አድማጩ ሴቲቱ ያለ ምክንያት የተቆጣች ሆና ተሰማችው፤ ከእኔ ጋር ታክሲ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም «ምን ሆና ነው?» ተባባሉ። ዘፋኟን ያዋረዳት የራሷ ሥራ ሳይሆን አቅራቢው ነው። የቀደመውን ዘፈን አንድ ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ቢያሰማ፣ የዜማውንና የግጥሙን ባለቤቶች ስም ቢጠራ፣ ታክሲው ሁሉ ወይ ከእርሷ ጋር ወይ ከእርሱ ጋር ሆኖ ይከራከር ነበር።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ወደፊት በዓምዳችሁ ስለ አንድ የመልስ ዘፈን ስትጽፉ ለየትኛው ዘፈን የተሰጠ መልስ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው መቼ እንደ ወጣና ማን እንደ ደረሰው፣ ዜማው የማን እንደሆነና ፈቃድ ተገኝቶበት እንደሆነ አጣርታችሁ ብታትሙልን፣ ሁለቱን ዘፈኖች አከታትለን ሰምተን የምንፈርደው እኛ አንባቢዎች እንሆናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ፣ አዲስ አበባ