ለእህት ዓለሜ፣ ስለ ግፊትሽ

እህት ዓለሜ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። አባባ በስትሮክ ከወደቁ ወዲህ ቀኔም ሌሊቴም እሳቸው ጋ ሆነ። ይቅር በይኝ።

ትናንት እህትሽ ግፊት እንደተገኘብሽ ነገረችኝ። ክው አልኩ። ሥጋ እርግፍ አድርገሽ ትተሽ በዳቦና በፓስታ እንደምትውዪም ሰማሁ። ብዕር ያስነሳኝ ይሄ ነው። እኔም አባባን እንደዚያው አድርጌያቸው ጉልበታቸው ሰልሎ ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አለ። ግፊት ያለባቸው 60 ሰዎች ተሳተፉ። ገሚሶቹ አመጋገባቸውን ሳይቀይሩ 8 ሳምንት ቆዩ። ሌሎቹ ከዳቦና ከሩዝ ዓይነቱ ቀንሰው በቦታው ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ በሉ። የእነዚህኞቹ የላይኛው ቁጥር ከሌሎቹ በ5 ያህል ዝቅ አለ። ልብ በይልኝ፣ ሥጋው በሌላው ምግብ ላይ አልተደረበም። በዳቦው ቦታ ነው የገባው።

በቦስተንና በባልቲሞር በተሠራ ሌላ ጥናትም ፕሮቲን የስታርቹን፣ ማለትም የዳቦና የሩዝ ዓይነቱን ምግብ፣ ቦታ ሲይዝ ግፊት ወርዷል። እዚያ የፕሮቲኑ ግማሽ ያህል ከዕፅዋት ነበር። ስለዚህ ጾም ሲገባ አትጨነቂ፤ ምስርና ሽሮ አለልሽ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ የደም ሥር ሥራ ነው። ፕሮቲን ውስጥ አርጊኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የደም ሥር ውስጠኛው ሽፋን ከእሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ይህ ጋዝ የሥሩን ጡንቻ ያላላል፣ ሥሩ ሰፋ ይላል፣ ደሙም ሳይጨናነቅ ያልፋል። ፕሮቲን ከሚረዳባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሥጋ ቤት ስትሄጂ «ቀዩን ስጠኝ» በይ። ሻኛና ጮማው ይቅርብሽ። ጥብስሽን በትንሽ ዘይት ሥሪ፣ ቅቤ አታብዢ። ሳላሚና ሞርታዴላ ጨዋቸው ብዙ ነው፣ አትንኪያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቀን ከ5 ግራም አይድረስ ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም! በርበሬውና ሚጥሚጣው ውስጥ ያለውንም ቁጠሪ።

መድኃኒትሽን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ አደራ። ኩላሊትሽንም ተመርመሪ። ኩላሊት ከተነካ የፕሮቲኑን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው።

አባባ አሁን በከዘራ እስከ በር ይደርሳሉ። ስምሽን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። ጠዋትና ማታ ተለክተሽ ቁጥሩን ጻፊልኝ። እሳቸውም ይጠይቁኛል።

ያንቺው