ለተማሪዎች የጋራ ቤተ ሙከራ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

አንዲት ተማሪዬ ያቀረበችውን ጽሑፍ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ቋንቋው የተስተካከለ፣ ክርክሩም የተያያዘ ነው። «ሦስተኛውን አንቀጽ እስኪ በራስሽ አነጋገር አስረጂኝ» ስላት ግን ዝም አለች። የጻፈላት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር። አልተቆጣኋትም፤ በተማረችባቸው ዓመታት ሁሉ አጠገቧ ተቀምጦ እንዲህ የጠየቃት መምህር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለጥያቄ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚመልሰው ቻት ጂፒቲ ሲመጣ ብዙ ተቋማት ጽሑፉን ሰው ይጻፈው ማሽን ወደሚለይ መመርመሪያ ሶፍትዌር ሮጡ። በማግስቱ ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን ሲፈትሹ፣ መሣሪያዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን «ማሽን የጻፈው» ብለው ፈርጀውባቸዋል። የቻት ጂፒቲ ሠሪ ኩባንያ ኦፕንኤአይ ራሱ በዚያው ዓመት የራሱን መመርመሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሳው። ንጹሕን ተማሪ የሚወነጅል መሣሪያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከባድ ስህተት ነው እላለሁ።

ሮቦቱም ቤተ ሙከራ ገብቷል። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ይፋ ያደረጉት ተንቀሳቃሽ ሮቦት በስምንት ቀናት 688 የኬሚስትሪ ሙከራዎችን ሠርቷል። ይመዝናል፣ ይቀላቅላል፣ ይለካል፤ ካገኘው ውጤት ተነስቶም ቀጣዩን ሙከራ ይመርጣል። ምን እንደሚፈለግና ከየትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንደሚጀመር የወሰኑት ግን ሰዎቹ ናቸው። የነገ ተመራቂ ሊማረው የሚገባው ይህንን ውሳኔ ነው። የሚማረውም ማሽኑን ራሱ ነክቶ፣ ሲሳሳት አይቶ፣ አርሞት ነው። የተሻለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በወርሃዊ ክፍያ የሚገኝ ከሆነ፣ መክፈል ያልቻለው ተማሪ ከዚህ ሁሉ ይቀራል።

ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ተባብረን፣ የየትኛውም ተቋም ተማሪ በነጻ የሚገባበት የጋራ ቤተ ሙከራ ልናቋቁም ተነስተናል። ማንም አውርዶ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ ክፍት የቋንቋ ሞዴሎች (እንደ ቻት ጂፒቲ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች) ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩባቸው ኮምፒውተሮች፣ ተማሪው ፈቶ የሚገጥማቸው ትንንሽ የሮቦት ክንዶችም ይኖሩታል። በየሳምንቱ ደግሞ ተማሪው ሥራውን በቃሉ ያስረዳል። በማሽን መጠቀም አይከለከልም፤ ማሽኑ ምን እንዳለው፣ እርሱ በምን እንዳረጋገጠው፣ የት እንዳሳሳተው ግን ይጠየቃል።

ትልቁን ወጪ የሚወስደው ሞዴሎቹ የሚሠሩበት የኮምፒውተር ክፍል፣ ግራፊክስ ካርድ ነው። ያገለገለም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን፤ ሞተር፣ ሴንሰር፣ የቆየ ኮምፒውተርም እንዲሁ። ገንዘብ የምትሰጡን ወገኖች ሆይ፣ ልገሳችሁ በሦስት ሰዎች ፊርማ በሚንቀሳቀስ የጋራ ሂሳብ ይገባል፤ ወጪውም በየወሩ ከነደረሰኙ ይቀርብላችኋል። ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ከምንም በላይ የምንለምናችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከተማሪ ጋር ተቀምጣችሁ እንድትጠይቁት ነው። ይህን በገንዘብ ልንገዛው አንችልም።

ያቺ ተማሪ ጽሑፏን እንደገና ጽፋ፣ ሦስተኛውን አንቀጽ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። አሁን የመጀመሪያውን የሮቦት ክንድ ከእኛ ጋር እየገጠመች ነው። ሁለት ሞተር ይጎድለዋል።