ከአንድ አፍ የወጣ ድምፅ ሁሉ እኩል አይደርስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ቤት ውስጥ የሆርን (የጥሩምባ አፍ ያላቸው) ስፒከሮች የወጣውን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ፣ ክሮስኦቨሩ ላይ፣ ማለትም ድምፁን በማጣሪያ ከፍሎ ለየድራይቨሩ የሚያከፋፍለው ክፍል ላይ ስደርስ ብዕር አነሣሁ። ጸሐፊው ኮአክሲያል ኮምፕሬሽን ድራይቨር (ድምፁን አምቆ በጠባብ መውጫ ወደ ሆርኑ የሚገፋው ባለ ሁለት ክፍል የድምፅ ማመንጫ) መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በአንድ ቀዳዳ ስለሚያወጣ የማጣጣም ችግር የለበትም ብለዋል። ስፒከር ስጠግንና ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

በዚህ ድራይቨር ውስጥ ሁለት ዲያፍራሞች (እየተርገበገቡ ድምፅ የሚፈጥሩ ስስ ሽፋኖች) አሉ፤ ትልቁ ለመካከለኛው ድምፅ፣ ትንሹ ለቀጭኑ። በአንድ መውጫ ወደ አንድ ሆርን ስለሚገቡ አድማጩ ቢቆምም ቢቀመጥም፣ ሁለት ሆርን ከላይና ከታች ሲደረደር የሚመጣው መዛባት አይደርስበትም። ይህን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን ሁለቱ ዲያፍራሞች ከመውጫው እኩል አይርቁም። መገናኛቸው፣ ማለትም አንዱ ለሌላው ድምፁን የሚያስረክብበት ድግግሞሽ፣ 6300 ኸርዝ ላይ ቢሆን የአንድ ሞገድ ርዝመት 5.4 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የግማሽ ሞገድ ማለትም የ2.7 ሴንቲሜትር ልዩነት፣ አንዱ አየሩን ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ እንዲጎትት ያደርጋል፤ ድምፁም እዚያው ይጠፋፋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ማይክሮፎን ከሆርኑ ፊት አቁሞ የአንደኛውን ዲያፍራም ሽቦ (ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን) አገላብጦ መለካት ነው። ሁለቱ በትክክል ከተጣጣሙ በልኬቱ መስመር መገናኛው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ይታያል፤ ሽቦው ሲመለስ ጉድጓዱ ይሞላል። ጉድጓዱ ጎድጎድ ብቻ ካለ ወይም ቦታውን ከሳተ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ማጣሪያ አልሠራም ማለት ነው። ያኔ የአንዱን ማጣሪያ ቁልቁለት (ከመገናኛው ወዲያ ድምፁ የሚቀንስበትን ፍጥነት) ከሌላው የበለጠ ቀጥ ማድረግ እንጂ ሁለቱን ወገን አንድ ዓይነት ማድረግ አይረዳም። ተመሳሳይነት ለወረቀት ያምራል።

ስሌቱም ላይ አንድ ቃል አለኝ። የድራይቨሩ 8 ኦምና ከዉፈሩ (ከወፍራም ድምፅ ስፒከሩ) ጋር የሚገናኝበት 800 ኸርዝ ቀመሩ ውስጥ ሲገቡ 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይወጣል፤ ጽሑፉም እዚህ ላይ አቁሟል። 8 ኦም ግን መለያ ቁጥር ነው። እውነተኛው ኢምፒዳንስ (ድራይቨሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ) ከድግግሞሹ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ሆርኑ ሲቀየርም ይለወጣል። ድራይቨሩ ሆርኑ ላይ ሳይታሰር የተለካ ቁጥር ለዚህ ሥራ አይረባም።

እኔ ከማጣጣሙ በፊት የምጀምረው ከመቀነሻው፣ ማለትም የድራይቨሩን ድምፅ ከሚቀንሱት ሬዚስተሮች ነው። ድራይቨሩ በ1 ዋት 110 ዴሲቤል ሲሰጥ ዉፈሩ 98 ከሰጠ፣ 12 ዴሲቤል መቀነስ ግድ ይላል። ለ8 ኦም ጭነት በተከታታይ 6 ኦም፣ ከድራይቨሩ ጋር በትይዩ ደግሞ 2.7 ኦም ሬዚስተር ይበቃል። ቦታው ከማጣሪያው በኋላ፣ ከድራይቨሩ ጎን ነው። እዚያ ሲሆን ትንሹ ሬዚስተር የድራይቨሩን የኢምፒዳንስ መወዛወዝ ስለሚውጠው ማጣሪያው የሚያየው ጭነት ከ8 ኦም ብዙም አይርቅም፤ የቀመሩም ውጤት ያኔ ወደ እውነት ይቀርባል።

ኃይል ባከነ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ነው ድራይቨሩ ዘንድ የሚደርሰው። ግን ከ1 ዋት ላይ ያችኑ አንድ እጅ ብናደርስ እንኳ በአንድ ሜትር 98 ዴሲቤል እናገኛለን፤ ሳሎን ውስጥ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ጎረቤት የለውም ማለት ነው። በዚያ ላይ የአምፕሊፋየሩ ሽሽታ (ሽሽ የሚለው የራሱ ድምፅ) ከሙዚቃው ጋር አብሮ በ12 ዴሲቤል ይወርዳል። ጸሐፊው የሚያወድሱት ዲጂታል ክሮስኦቨር አምፕሊፋየሩን በቀጥታ ከድራይቨሩ ስለሚያገናኝ ይህን ሽሽታ ሙሉውን ለጆሮ ያቀብላል። ዲጂታሉን ለመረጡም ቢሆን ከድራይቨሩ ፊት አንድ ካፓሲተር ይኑር እላለሁ፤ አምፕሊፋየር ሲበራ የሚወጣው ድንገተኛ ግፊት ስስ ዲያፍራምን አይምርም።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ክፍል የክሮስኦቨር ሥዕል ለማተም ቃል ገብታችኋል። ከሥዕሉ ሥር በየትኛው ሆርንና በየትኛው ድራይቨር እንደተለካ ይጻፍበት፤ አለዚያ አንባቢ ገንዘቡን አውጥቶ ኮይል (የሽቦ ጥቅል)ና ካፓሲተር እንዳይገዛበት ሥዕሉን ብታቆዩት ይሻላል።

አክባሪያችሁ፣
የስፒከር ጠጋኝ አንባቢያችሁ