በሩን ክፍት ያደረገው ማን ነው? ለቁማር ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ይህን የሚጽፍልዎ ሰው ካርታ አዳይ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ፖከር የሚባለው የካርታ ቁማር በሚካሄድበት፣ ፈቃድ በሌለው ክለብ ውስጥ ካርታ በውዤ አድያለሁ፤ ከየዙሩም የቤቱን ድርሻ ቆርጬ በጠረጴዛው ላይ ባለች ቀዳዳ በኩል ሣጥን ውስጥ ከትቻለሁ። ፈቃድ የሌለው አልኩ እንጂ የተደበቀ አላልኩም። የክለቡ ስም ከበሩ በላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። የሳምንቱ የውድድር ፕሮግራም መስኮቱ ላይ ይለጠፋል። አዳይ ሲጎድል የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ እኔም የተቀጠርኩት ማስታወቂያ አንብቤ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ መጥቶ የመውጫውን በር ስፋት ለክቷል። የጤና ተቆጣጣሪ ወጥ ቤቱን ፈትሿል። ግብር ሰብሳቢ ደረሰኝ ቆጥሯል። ሁሉም በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፈው ነው የሄዱት፤ አንዱማ ቆም ብሎ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ጠይቆኛል። ቁማር የምትለዋን ቃል ግን ማንም አላነሣም። ቁማር የእርስዎ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነዋ! ከእርስዎ ዘንድ ደግሞ አንድም ሰው አልመጣም።

ለምን ብዬ ስጠይቅ ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ ጉቦ ነው እያለ ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ያላለኝ ወዳጅ የለም። ጉቦ የለም አልልም። በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሞስኮ ዙሪያ የሚሠሩ ዐቃብያነ ሕግ ለስውር ቁማር ቤቶች ከለላ ሰጥተዋል ተብለው አገር ያነጋገረ ቅሌት ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ጉቦ በይበልጥ የሚያስፈልገው ለተደበቀ ቤት ነው። ስሙን በበሩ ላይ የሰቀለ ቤት የሚተማመነው በሌላ ነገር ነው፤ ያን ነገር ደግሞ ከአዳይ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት ይቀላል።

ሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ጎማ ላይ የሚጣልበት ቁማር) የሚጫወት ሰው ተጋጣሚው ቤቱ ነው። በፖከር ግን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ነው የሚበላሉት፤ ቤቱ ማንም ቢያሸንፍ ግድ የለውም። ሒሳቡን ላሳይዎ። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ጠጠር (በገንዘብ ምትክ የሚያዝ የመጫወቻ ምልክት) ይዘው ቢቀመጡ ጠረጴዛው ላይ 900 አለ። በሰዓት 30 ዙር ያህል አድላለሁ። ከየዙሩ 4 ብቆርጥ በሰዓት 120 ይወጣል። አዲስ ገንዘብ ካልገባ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ዘጠኙም ባዶ እጃቸውን ይነሣሉ፤ 900ው በሙሉ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ጎበዝ ተጫዋችም ደካማ ተጫዋችም ቢቀመጥ ሣጥኑ የሚሞላበት ፍጥነት አይለወጥም።

ሕግ አውጪዎች ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። በኒው ዮርክ ሕግ ተጫዋች ሆኖ መቀመጥ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ወንጀሉ ቁማሩን ማካሄድና ከእሱ ማትረፍ ነው። የቴክሳስ ሕግም ለተከሳሽ መከላከያ የሚሰጠው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ጨዋታው በግል ቦታ ከተካሄደ፣ ተጫዋቹ ካሸነፈው በቀር ማንም ጥቅም ካላገኘ፣ ከችሎታና ከዕድል ልዩነት በስተቀር የማሸነፉም የመሸነፉም ሁኔታ ለሁሉም እኩል ከሆነ። ንጹሕ አንቀጽ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተውን ሰው ለማዳን የተጻፈ ይመስላል። የቴክሳስ የፖከር ክለቦች ግን ከጠበቃ ጋር ተቀምጠው አነበቡት። ከዙሩ መቁረጥ ትተው የአባልነት መዋጮና በሰዓት የሚታሰብ የወንበር ክፍያ መቀበል ጀመሩ። የሚገባው አባል ብቻ ስለሆነ ቦታው የግል ነው አሉ፤ ከጨዋታው ስላልቆረጥን አላተረፍንም አሉ።

የእኛም ቤት ይህንኑ ተማረ። አንድ ሰኞ ስገባ ያቺ ቀዳዳ በፕላስተር ተሸፍና፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሎ አገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዘቡን የሚሰበስበው የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ሆነች። ማታ የሚቆጠረው ገንዘብ ግን ከቀድሞው እምብዛም አልተለየም። ሥራ አስኪያጁ "አሁን እኛ ወንበር አከራዮች ነን" ሲለን ሁላችንም ሣቅን፤ እሱም ጭምር።

ሌላው መደበቂያ "ፖከር የዕድል ጨዋታ ነው ወይስ የችሎታ?" የሚለው ክርክር ነው። በ2007 ለንደን ውስጥ አንድ የፖከር ክለብ ባለቤት ጨዋታው የችሎታ ነው ብሎ በዳኞች ጉባኤ ፊት ተከራክሮ ጥፋተኛ ተባለ። በዚያው ዓመት ሩሲያ ፖከርን በስፖርትነት መዘገበች፤ በ2009 መልሳ ሰረዘችው። በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ ችሎታ ይበልጣል ብለው ወሰኑ፤ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። እኔ የማውቀውን ብጠየቅ ሁለቱም አለበት፤ በአንድ ሌሊት ዕድል ይገዛል፣ በዓመት ውስጥ ችሎታ ይታያል። ግን ይህ ምን ለውጥ ያመጣል? ሣጥኑን የሞላው ቼዝም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። የብሪታንያ የ2005 የቁማር ሕግ ዕድልና ችሎታ የተቀላቀሉበት ጨዋታ ከዕድል ጨዋታ ይቆጠራል ብሎ ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፤ ከዚያም በክለቦች ውስጥ በምን ያህል መደብ መጫወት እንደሚቻልና ክለቡ ምን ያህል ማስከፈል እንደሚችል ወሰነ። የተከለከለውም የተፈቀደውም ታወቀ ማለት ነው።

ታዲያ የሌላው አገር ባለሥልጣን ለምን ዝም ይላል? እኔ የምጠረጥረው ፍርሃትን ነው። ዐቃቤ ሕግ ከስሶ ቢሸነፍ በአገሩ ያለ ክለብ ሁሉ የፍርድ ቤት ምርቃት አገኘ ማለት ነው፤ ካልከሰሰ ግን "እየተከታተልን ነው" ማለት ይችላል። በቴክሳሷ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ በ2019 ፖሊስ በሁለት ክለቦች ላይ ብርበራ አድርጎ ሰዎች ከታሰሩ በኋላ፣ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ውስጥ የጥቅም ግጭት አለ ተብሎ ክሱ ተነሣ። በዚያው ቴክሳስ የዳላስ ከተማ አስተዳደር ደግሞ ለአንድ ክለብ ፈቃድ ሰጠ፣ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ነጠቀ፣ የራሱ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ሲመልስለት የራሱን ቦርድ ከሰሰ። እንዲህ ያለውን ያየ ባለሥልጣን ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ቢያቆይ አይገርመኝም። ከዚህ ላይ ደግሞ ከሳሽ የለም። የተበላ ሰው ወዶ ነው የተቀመጠው፤ ለሚስቱ ያልነገረውን ለፖሊስ አይናገርም።

ክለቡ ይህን ስለሚያውቅ መብራቱን ያደምቃል። የተዘጋ መስኮት ጥፋተኛ ያስመስላል፤ የተለጠፈ ፕሮግራምና የተከፈለ ግብር ግን ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። "ለዓመታት አይታችሁናል፣ ምንም አላላችሁንም" ይላል ጠበቃው። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ዝምታ በተግባር ፈቃድ ሆኗል፤ ያውም ክፍያ የሌለው፣ ግዴታ የሌለበት ፈቃድ። ፈቃድ ያለው ካዚኖ ካሜራ ይሰቅላል፣ መጠባበቂያ ገንዘብ ይይዛል፣ ራሱን ከቁማር ያገደን ሰው ይመልሳል። እኛ ጋ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። በሩ ላይ የቆመው አንድ ሰው ነው፤ ያውም እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ2007 መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ የታጠቁ ዘራፊዎች እንዲህ ያለ ቤት ገብተው አንድ ተጫዋች ተገድሏል። ያን ዜና ያነበብኩት በሥራ እረፍት ላይ ሆኜ ነው፤ እረፍቴን ጨርሼ ተመልሼ ካርታ አደልኩ።

የእኛ ቤት የተዘጋው በሕግ አይደለም። አንድ ጠዋት ስንመጣ በሩ ተቆልፏል፣ ስልኩ አይነሣም፣ የአንድ ወር ደመወዜም አብሮ ቀረ። አንድ የማውቃቸው አዛውንት ደንበኛ በላስቲክ የተቋጠረ ጠጠር ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ማታ ጠጠሩን በገንዘብ ሊቀይሩ ሲሉ "ነገ ይውሰዱ" ተብለው ነው። "ለማን ልስጠው?" አሉኝ። በብዙ አገር ሕግ ከቁማር የመጣ ዕዳ በፍርድ ቤት አይጠየቅም፤ ይህን ልነግራቸው ከብዶኝ "ጠብቁ" አልኳቸው።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው፤ መልሱን በጽሑፍና በይፋ ቢሰጡ ደስ ይለኛል። በእርስዎ መሥሪያ ቤት አተረጓጎም በሰዓት የሚከፈል የወንበር ክፍያ ከቁማር የተገኘ ጥቅም ነው ወይስ አይደለም? ከሆነ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይቀጣል? ካልሆነ ደግሞ የተጫዋቹን ገንዘብ ክለቡ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ እንዲያስቀምጥ የሚያስገድደው ማን ነው? ምስክር ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ሣጥኑ ስንት እንደሚይዝ በትክክል አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ ካርታ አዳይ