ሐኪሙ ወጥ ቤትም ይግባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ባህር ኃይላችን እንደገና መቋቋም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ መርከቡም ስለ መኮንኑም ብዙ ብላችኋል። ስለ ሐኪሞቹ ግን አንድ መስመር አጣሁ። እኔ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከጣና በቀር ትልቅ ውኃ አላየሁም። ግን ታሪኩን ካነበብኩ ወዲህ ከልቤ ያልወጣ አንድ የባህር ኃይል ሐኪም አለ።

ታካኪ ካኔሂሮ ይባላል፤ ጃፓናዊ ነው። በፈረንጆቹ ከ1875 እስከ 1880 ለንደን ሕክምና ተምሮ ሲመለስ የአገሩን መርከበኞች ቤሪቤሪ የሚባል በሽታ ይፈጃቸው ነበር። እግር ያብጣል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ልብ ይደክማል። በ1882 መጨረሻ ሪዩጆ የምትባል መርከብ 376 ሰው ይዛ ወጣች። ጉዞዋ ዘጠኝ ወር ያህል ነው። 169ኙ ታመሙ፣ 25ቱ ሞቱ።

ታካኪ ምን እንደሚበሉ ጠየቀ። ለካ ለምግብ የሚሰጣቸውን ገንዘብ ቆጥበው ለቤተሰብ ይልካሉ። ሆዳቸውን የሚሞሉት በተፈተገ ነጭ ሩዝ ነው። በ1884 ጹኩባ የምትባለውን መርከብ ሥጋ፣ ወተት፣ ዳቦና አትክልት አስጭኖ በዚያው መንገድ ላካት። የታመመው ጥቂት ነው፤ በቤሪቤሪ የሞተ አንድም የለም። በዓመቱ ደግሞ ገብስ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሎ ለመርከበኛው ቀረበ። ገብስ! ይኸው እኛ የምንቆላው ገብስ።

ምክንያቱን በትክክል አላወቀውም፤ የፕሮቲን እጥረት መስሎት ነበር። በሽታው ከቫይታሚን ቢ1 እጥረት እንደሚመጣ የታወቀው በኋላ ነው። ግን ሰው አዳነ። ምድር ጦሩ አልሰማውም። በ1904 እና 1905 ከሩሲያ ጋር ሲዋጋ ከ20 ሺህ በላይ ወታደር በቤሪቤሪ አለቀበት። ነርስ ስለሆንኩ ይህንንም ልጨምር፤ በጃፓን የመጀመሪያውን የነርሶች ትምህርት ቤት በ1885 የከፈተው እሱ ነው።

አምና ከሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ልጅ መጣልን። አቅም የለውም፣ ድዱ ይደማል። ወባ ሁለቴ ተመረመረ፣ የለበትም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው «ምን ስትበላ ከረምክ?» ያልኩት።

«ዳቦና ሻይ ነው ሲስተር። ብሩን ለእናቴ ይዤ ልግባ ብዬ።»

ብሩ በጨርቅ ተቋጥሮ ሸሚዙ ውስጥ ነበር። ቫይታሚን ሰጠነው፤ እናቱን ጎመንና ሎሚ እንዳታጣበት ነገርናት። ድዱ ዳነ። በመጀመሪያው ቀን አለመጠየቄ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

እኛ ጋ ያለው ካርድ ለትኩሳትና ለሳል ቦታ አለው፤ ለምግብ የለውም። ይጨመር ብዬ ጠይቄ ነበር። «ሥራ ይበዛባችኋል፣ ይቅር» ተባልኩ። እኔ ግን ከዳር ላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ።

ስለ ባህር ኃይላችን ዳግም ስትጽፉ እባካችሁ ሐኪሙን አነጋግሩልኝ። መርከበኛው ምን እንደሚበላ፣ ድስቱንም ማን ከፍቶ እንደሚያይ ጠይቁት።

አንድ ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ