«ትናንት እንዲህ አልነበረችም»፦ ለጤና ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

እናቴ 81 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ከያዛት አምስት ዓመት አልፏል። ምሳ በልታ ሳትነሳ «ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» ትላለች። እኔን በታናሽ እህቷ ስም ትጠራኛለች። ለምደነዋል። አቡነ ዘበሰማያትን ግን ጠዋትና ማታ አንዲት ቃል ሳትስት ነበር የምትደግመው።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ማታ ጸሎቱን ጀመረችና ቆመች። እንደገና ጀመረች፣ ቆመች። ሌሊት ላይ ግድግዳው ጉንዳን ወሮታል ብላ በነጠላዋ ታራግፍ ጀመር። እኔን «ሌባ! ከቤቴ ውጪ!» አለችኝ። ሲነጋ ደግሞ ጭራሽ ዝም አለች። ብንጠራት አትሰማ፣ ብናጎርሳት አትውጥ።

አንዱ ጎረቤት «ጃጅታለች፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለኝ። ሌላዋ ጠበል ውሰጃት አለችኝ። (ጠበሉን አልጠላሁም፤ በኋላ ወስጃታለሁ።) የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍልም ከጎረቤት የተለየ ነገር አልነገረኝም። «ዲሜንሺያ አለባት አይደል? እሱ ነው» ተባልኩ። «ትናንት እንዲህ አልነበረችም» አልኩ። ደግሜም አልኩ። ማንም አልጻፈውም።

ማታ «አስታማሚ አያድርም» ተብዬ ወጣሁ። መነጽሯን በቦርሳዬ ይዤ መውጣቴን ያወቅሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ጠዋት ስመለስ እጆቿ ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ ታስረው አገኘሁ። ጉሉኮሱን እየነቀለች አስቸግራ ነው አሉኝ። የሚያስተኛ መርፌም ወግተዋታል። ነርሷን አልወቅስም፤ ያን ሁሉ አልጋ ለብቻዋ ነበር የምታየው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ሽንቷን አስመረመረ። ኢንፌክሽን ነበር። የሰውነቷም ውኃ አልቋል። ይህን ስሰማ እግሬ ከዳኝ። አልጋ እንዳታርስ ብዬ ከሰዓት በኋላ ውኃ የቀነስኩባት እኔ ነኝ።

የችግሩን ስም የነገረኝም እሱ ነው፤ ዲሊሪየም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ የአእምሮ መዛባት ነው። አንዴ ሻል ይላል፣ አንዴ ይብሳል፤ ማታ ማታ ይጠናል። የመርሳት በሽታ ግን በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚገፋው። ዲሜንሺያ ያለበትን ሰው ዲሊሪየም በቀላሉ ይይዘዋል። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ ወይም ከፋርማሲ የተገዛ የአለርጂና የእንቅልፍ ኪኒን ይበቃዋል። የሚጮኸው በሽተኛ ይታያል። ፈዝዞ የሚተኛው ግን «ተመስገን፣ አረፈ» ይባልለታል፤ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚታለፈውም እሱ ነው።

የምጠይቃችሁ ሕንፃ ወይም ማሽን አይደለም። ዲሜንሺያ ያለበት አረጋዊ ሆስፒታል ሲተኛ የሚያውቀው አንድ ሰው ሌሊትም አብሮት እንዲያድር መመሪያ አውጡልን። አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕሙማን ነበሩበት። ለግማሾቹ የተደረገላቸው ነገር ተአምር አልነበረም፤ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ማራመድ፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ከአጠገባቸው አለማራቅ፣ ሌሊት ያለ መድኃኒት ማስተኛት። በተለመደው አያያዝ ከቆዩት 15 በመቶውን ዲሊሪየም ሲይዛቸው፣ ይህ ከተደረገላቸው ግን 9.9 በመቶውን ብቻ ያዘ። እዚያ ለዚህ ሥራ ሰው አሠልጥነው መደቡ። እኛ ዘንድ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ጥበቃውን እየለመነ ነው።

ካርዱም ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ «እንዲህ የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል። ቤተሰቡ የሚለው ይጻፍ። ፎር ኤቲ (4AT) የሚባል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ነፃ የዲሊሪየም መመርመሪያ መጠይቅም አለ። ወራትን ወደ ኋላ ያስቆጥራል። የእኛ ወራት 13 ናቸው፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት ከጳጉሜን ወደ ነሐሴ ቁጠሪ ብትባል ደግሞ በጤናዋም ትስቃለች። ለእኛ ሰው እንዲሆን አድርጋችሁ አስተካክሉት። በእኛ ቤት መመርመሪያው ጸሎቷ ነበር።

ስለ አስታማሚውም ልናገር። 19 ቀን ከሥራ ቀረሁ። ፈቃዴ አለቀ፣ ደመወዜ ተቆረጠ። የቤት ሠራተኛችን ፈርታ ለቀቀች። ከሁሉ የከበደኝ ግን «ሌባ» መባሉ ነው። በሽታው እንደሆነ እያወቅሁ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠኝ የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ነው። ማገገሙ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል፣ አንዳንዱም ወደ ቀድሞው እንደማይመለስ የነገረኝ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ቢያንስ ሁለት ነገር ይንገሩልን፤ አረጋዊ ድንገት ከተለወጠ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት፣ ውኃ አትቀንሱበት።

እናቴ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጸሎቷን መልሳ ጀመረች። «ሲሳየነ» ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ቀጣዩን ቃል እሰጣታለሁ፤ ትቀጥላለች።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አስታማሚ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ