ደላላው ሊዮን፣ እኛ ጣቢያ ደጃፍ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሕገወጥ ደላሎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሌላውን ልለፈው፤ አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን አላልፋትም። የተበደሉ ቤተሰቦች በቀጥታ ለኢንተርፖል ማመልከት ይችላሉ ብላችኋል። ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?

ኢንተርፖል መኪና አስነስቶ ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስ የለውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ያለ፣ 196 አባል አገሮች መረጃ የሚለዋወጡበት ድርጅት ነው። ቀይ ማስታወቂያ፣ ማለትም ተፈላጊውን ፈልጋችሁ ያዙልን የሚለው ጥሪ፣ የሚወጣው አንድ አገር በብሔራዊ የኢንተርፖል ቢሮው በኩል ሲጠይቅ ነው፤ የእኛው ቢሮ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ፌዴራል ፖሊስ ውስጥ ነው። ማስታወቂያው ወጣ ማለትም ሰውዬው ታሰረ ማለት አይደለም፣ ይያዝ አይያዝ የሚለውን የሚወስነው ያለበት አገር በራሱ ሕግ ነው። ከአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ያመለጠው የሰው አዘዋዋሪ ኪዳኔ ዘካርያስ እንኳ በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ሲያዝ የያዘው የሱዳን ፖሊስ ነው።

እኛ ጅማዎችስ? የእህቴን ልጅ ቤይሩት አስገባታለሁ ብሎ ገንዘባችንን የበላው ደላላ ድንበር ተሻግሯል ይባላል። እኛ ግን ከሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አላለፍንም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፋይሉ ተልኳል። ወዴት? እሱን ነገ መጥታችሁ ጠይቁ። ሊዮን ይቅርና ፋይሉ ከጅማ መውጣቱን እንኳ የሚነግረን ሰው ጠፋ።

የሚገርመው፣ ኢንተርፖል ጋ ለግለሰብ ክፍት የሆነ በር አለ። ፋይሎቹን የሚቆጣጠር ኮሚሽን አለው፣ ስሜ ያላግባብ ተመዝግቧል የሚል ሰው በነፃ ያመለክትበታል። ለተፈላጊው ማለት ነው! መኖሩን አልቃወምም፤ የድርጅቱ ደንብ አንቀጽ 3 ፖለቲካ ውስጥ እንዳይገባ ቢከለክለውም ተቃዋሚያቸውን በቀይ ማስታወቂያ ያሳደዱ መንግሥታት አሉ። ግን የእኛ ሰውዬ ፈረንሳይ ድረስ አቤት የሚልበት ቦታ ሲኖረው እኛ ጣቢያ ደጃፍ ስንቀር አያናድድም?

ለእኛ የተሠራው በር የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። መሥሪያ ቤት ሲያጓትት አቤት የሚባለው እዚያ ነው፣ ክፍያም የለውም። አስገድዶ ባያስፈጽምም ቢያንስ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ዘገባችሁ ስሙንም አላነሳም። ያነጋገራችሁት ሁሉ የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ከጅማ ዞን ስንት ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንደሚሄድ ግን አጋሮ መናኸሪያ ቆሞ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ አውጡልን፣ ከታች በጥቃቅን ፊደል አይሁን። እዚህ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘገባችሁን እያሳዩ «ለኢንተርፖል እንጽፍላችኋለን» ብለው ገንዘብ መቀበል ጀምረዋል።

የጅማ አንባቢያችሁ